ደም ካየህ ቁጭ በል

ይህን የምነግራችሁ በሹክሹክታ ነው፤ አዳኞች በተሰበሰቡበት ጮክ ተብሎ አይወራም። አሜሪካ ውስጥ በቀስት አጋዘን የሚያድን ሰው የሚለጥፈው ፎቶ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ተንበርክኮ፣ ቀንዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥርሱን ገልጦ። አገር ቤት ግዳይ የጣለ ሰው ሲፎክር አቁስሎ ያመለጠውን እንደማይቆጥር ሁሉ፣ የእነዚህም ፎቶ ጫካ የቀረውን አይናገርም። እኔ ደግሞ የማውቀው በአብዛኛው ጫካ የቀረውን ነው። የቆሰለ አጋዘን የሚፈልጉ ውሾች ካሏቸው ሰዎች ጋር በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ጫካዎች ባትሪ ይዤ እከተላለሁ። የእኛ ሥራ የሚጀመረው አዳኙ ፍላጻውን ከለቀቀ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜም ነገሩን ካበላሸ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ላስቀምጥ፤ በግምት የሚጣሉበት ብዙዎች ስለሆኑ። ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ኢንዲያን ሄድ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግቢ አለ። እዚያ የሚያድኑት የቀስት ብቃት ፈተና ያለፉ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የተመታው ሁሉ ይመዘገባል፣ ያልተገኘውም እንዲሁ። ከ1989 እስከ 2006 በተያዘው መዝገብ መሠረት ፍላጻ ካረፈባቸው አጋዘኖች ከመቶ 18ቱ ሳይገኙ ቀርተዋል። በሚኒሶታ ካምፕ ሪፕሊ የተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ ያልተገኙትን ከመቶ 13 አድርሷቸዋል። እንግዲህ እነዚህ ቁጥጥር ያለባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ፈተናም ጠያቂም በሌለበት ጫካ ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። ጀርመን በፍላጻ አጋዘን መምታትን በሕግ ከልክላለች፣ እንግሊዝም እንዲሁ። የአሜሪካ አዳኝ ይህን ስታነሱበት ፊቱን ያጠቁራል፤ ቁጥሩን ግን ያውቀዋል።

የእኔ ግምት ከብዙዎቹ ይለያል። ካልተገኙት ውስጥ ብዙዎቹን ያጠፋቸው የተሳሳተ እጅ ሳይሆን የቸኮለ እግር ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም። አጥንት አድቅቆ፣ አደንዝዞ ባለበት አይጥልም። ጫፉ ላይ ያለው ስለት፣ ብሮድሄድ የሚሉት፣ ሥር ቆርጦ ደም በማፍሰስ፣ ሳንባ ሲያገኝም እስትንፋስ በማቋረጥ ነው የሚገድለው። 68 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አጋዘን ደሙ 4 ሊትር ቢሆን ነው፤ ሲሦውን ሲያጣ ይወድቃል። ጥያቄው ሲሦው በስንት ጊዜ ይፈሳል የሚለው ነው። ሁለቱም ሳንባ ከተበሳ በሰከንዶች፣ ጉበት ከሆነ በሰዓታት፣ ጨጓራና አንጀት ከሆነ ደግሞ ደሙም ብዙ አይፈስም፤ ግማሽ ቀን ሊቆይ ይችላል።

ቅርጫ ሲበለት ቆሞ ያየ ሐበሻ የውስጡን ካርታ ከብዙ አሜሪካዊ ጀማሪ በተሻለ ያውቀዋል። ልብ ከሁለቱ ወርች መካከል፣ ከፍሪምባው ከፍ ብሎ፣ ከሚጠበቀው በላይ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሳንባ ከበላዩና ከኋላው ጎድኑን ሞልቶ እስከ አከርካሪው ሥር ይደርሳል። ከዚያ ስስ ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ማዶ ጉበት፣ ከዚያ ጨጓራ፣ ሽንፍላ፣ አንጀት። አዳኞች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ጉበቱ ወደ ቀኝ ያደላል፣ ጨጓራው ደግሞ የግራውን ጎን ይሞላል። ስለዚህ ከሳንባው ትንሽ ወደ ኋላ የሸሸ ፍላጻ በየትኛው ጎን እንደገባ ካልጠየቅን ምን እንደነካ አናውቅም። የፍለጋ ስልክ ሲደወል የእኔ ሰዎች በየትኛው ጎን ነው ብለው ቀድመው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ታዲያ የት ይነጣጠራል? አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ከቆመ የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ይዞ ወደ ላይ መውጣት፣ ከሰውነቱ ቁመት ሲሦው ላይ መቆም። ከዚህ የተሻለው፣ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ በሰያፍ ሲቆም ነው፤ ያን ጊዜ የሚታሰበው ፍላጻው የሚገባበት ሳይሆን የሚወጣበት ነው፣ የወዲያኛው ወርች። ወደ አዳኙ ፊቱን የሰጠ አጋዘን ደግሞ ይተዋል። በቪዲዮ ከፊት ለፊት ደረቱን መትተው ሲጥሉ የሚያሳዩ አሉ። ሌላውን አያሳዩም።

አሁን ሹክታው። ሆዳቸውን ተመትተው ከምንፈልጋቸው ብዙዎቹ የዓይን ስህተት ውጤት አይደሉም፤ የፍርሃት ናቸው። ጀማሪው የወርቹን አጥንት ይፈራል፤ ፍላጻው አጥንት ላይ ይቆምብኛል ብሎ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ደግሞ ጉበት ነው፤ ሌላ አራት ጣት ቢጨመርበት ጨጓራ። ሰፊው ሰሌዳ አጥንት ያለው ወደ ላይ ነው፤ ከታች፣ ከክርኑ በላይና በኋላ ያለው ቦታ ክፍት ነው። የአጋዘን አጽም አንድ ጊዜ በእጁ የዳሰሰ ሰው ይህን ፍርሃት ይተወዋል፤ ሥዕል ብቻ ያየው አይተወውም።

ሁለተኛው ሹክታ ስለ ድምፅ ነው። የዛሬው ባለ መዘውር ኮምፓውንድ ቀስት ፍላጻን በሰከንድ 85 ሜትር ያህል ይወረውራል። ፈጣን ይመስላል። ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ይሄዳል። በ30 ያርድ፣ ማለትም በ27 ሜትር ርቀት ያለ አጋዘን የአውታሩን ጥዝታ ፍላጻው ከመድረሱ ሩብ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይሰማል። አጋዘን ለመፈትለክ መጀመሪያ እግሩን አጥፎ ዝቅ ይላል፤ በዚያች ሩብ ሰከንድ ስንዝር ያህል ሊወርድ ይችላል። ሳንባውን መሐል የተነጣጠረው ፍላጻ እንግዲህ ሽንጡን ይዞ ያልፋል። ለዚህ ነው አሮጌዎቹ አዳኞች ወደ ልብ ዝቅ አድርገው የሚነጣጥሩት፦ ከወረደ ሳንባ ያገኛሉ፣ ካልወረደ ልብ። ሲራመድ ያገኙትን አጋዘን ለማስቆም በአፍ «ማእ» የሚሉም አሉ፤ ይቆማል፣ ግን ጆሮውን ቀስሮ ነው የሚቆመው፤ የሚወርደውም ያው የቀሰረው ነው። አንገቱን ደፍቶ የሚግጠውን መጠበቅ ይሻላል፤ ግን ማን ይታገሣል!

ማማ ላይ መውጣትም የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ አዳኞች ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው፣ ከመሬት አምስት ስድስት ሜትር ከፍ ብለው ይጠብቃሉ፤ ፌርፋክስ ካውንቲ በፓርኮቹ ውስጥ የሚያሰማራቸውን ቀስተኞች ፍላጻው ወደ መሬት እንዲያዘነብል ብሎ ከፍ ካለ ቦታ እንዲለቁ ያስገድዳል፤ የብቃት ፈተናም አለ። መልካም ነው። ነገር ግን አጋዘኑ ከማማው ሥር ከገባ ፍላጻው ቁልቁል ወርዶ አንዱን ሳንባ ብቻ ያገኛል። በአንድ ሳንባ የቀረ አጋዘን ሩቅ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ይተርፋል። ከፍ ብሎ ገብቶ በታች ያልወጣ ፍላጻም ጣጣ አለው፤ ደሙ ደረቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ውጭ ጠብታ አይታይም። አዳኙ «ደም የለም፣ ስቼዋለሁ» ብሎ ይሄዳል። አጋዘኑ መቶ ሜትር ወዲያ ወድቋል።

በነገራችን ላይ፣ አዳኞች ሲያመልጣቸው የሚጠሩት አንድ ባዶ ቦታ አለ፦ ከሳንባ በላይ፣ ከአከርካሪ በታች፤ ፍላጻው በዚያ አልፎ ምንም አልነካም ይላሉ። እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ሳንባ እስከ አከርካሪው ሥር ይሞላዋል። የተሳሳቱት አከርካሪው የት እንዳለ ነው፤ ወደ ወርቹ ሲቃረብ ከሚገምቱት በላይ ዝቅ ይላል፣ ከበላዩ ደግሞ ወፍራም ሥጋ አለ። ያ ፍላጻ ከአከርካሪው በላይ፣ ሥጋውን ብቻ ነው የበሳው። እንዲህ ያለው አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ከሳምንታት በኋላ የጫካ ካሜራ ላይ ጠባሳውን ይዞ ሲግጥ ይታያል።

ወደ ቸኮለው እግር ልምጣ። አንድ ምሽት የተደወለልኝን ልንገራችሁ። ደዋዩ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ የእኛ ልጅ ነው፤ ቀስቱን የተማረው ከሥራ ባልደረቦቹ ነው።

«ጋሼ፣ መታሁት! ልክ ከወርቹ ኋላ ነው ያረፈው።»

«መቼ?»

«አሁን ነው፣ አሥር ደቂቃ አይሆነውም። ልወርድ ነው።»

«አትውረድ። ሲመታ ምን አደረገ?»

«ጀርባውን ጉብጥ አደረገና ትንሽ ሮጦ፣ ከዚያ ዝም ብሎ እየተራመደ ሄደ።»

«በኋላ እግሩ አልረገጠም? አልፈነጠረም?»

«ኧረ አልረገጠም። ምነው ጋሼ፣ ችግር አለው?»

ችግርማ አለው። ልቡን ወይም ደረቱን ከታች የተመታ አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ እንደ በቅሎ በኋላ እግሩ ረግጦ፣ ዝቅ ብሎ፣ ዛፍ እየገጨ ነው የሚፈተለከው። ጎብጦ እየተራመደ የሄደው ሆዱን ነው የተመታው፣ ልጁ «ከወርቹ ኋላ» ቢልም። ባለውሾቹ ልማድ አላቸው፦ አዳኙ የነገራቸውን ቦታ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ያሸጋግሩታል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ይሆናሉ። ሰው ያየውን ሳይሆን የተመኘውን ነው የሚናገረው፤ የስልክ ቪዲዮ ሲገኝ ይህ ይጋለጣል።

«ቀስ ብለህ፣ ድምፅ ሳታሰማ ውረድና ፍላጻውን አንሳ። አሽትተው።»

ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። «ይሸታል። አረንጓዴ ነገርም አለበት።»

«በል ቤትህ ግባ።»

«ቤት?! ሌሊቱን ኮዮቴ ቢበላብኝስ?»

«ይብላው። አሁን ካስነሣኸው ኮዮቴውም አንተም አታገኙትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆዱን የተመታ አጋዘን ካልተከተሉት ሩቅ አይሄድም። ሕመሙ ያደክመዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ወይም ውኃ ያለበት ፈልጎ ይተኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተመታበት ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ። እዚያው ሊሞት ተኝቷል ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዞ የሚከተለው ሰው ያስነሣዋል። የተነሣው አጋዘን ደግሞ በድንጋጤ ኃይል ኪሎ ሜትር አቋርጦ ይሄዳል፣ ደምም አይጥልም፤ ቁስሉን አንጀትና ስብ ይደፍነዋል። ፍለጋው እዚያ ያበቃል። የተኛበትን ትቶ የሄደ አጋዘን ሲገኝ ደንቡ አንድ ነው፦ ያሉበትን ምልክት አድርጎ፣ በመጡበት ዱካ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መመለስ።

ባለውሾቹ የሚቆጥሩት ጊዜ ይህን ይመስላል። ሳንባ ከሆነ፣ ሲወድቅ እንኳ ቢሰማ፣ ግማሽ ሰዓት። ጉበት ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት። ጨጓራና አንጀት ከሆነ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት። ምን እንደተነካ ካልታወቀ ረጅሙ ይወሰዳል። ዝናብ ቢመጣስ? ያው ይጠበቃል፤ ሆዱን የተመታው ድሮም ዝናብ የሚያጥበው ብዙ ደም አይጥልም። ሙቀት ሲሆን ግን እውነተኛ ጭንቀት አለ። በሴፕቴምበር ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ፣ ከተበሳ አንጀት ጋር ያደረ ሥጋ ይበላሻል። አንዳንዱ ስለዚህ ሲል ቶሎ ይገባል። እኔ ሥጋውን እመርቅለታለሁ፤ በሕይወት አስነሥቶ ለሁለት ቀን ስቃይ ከመስደድ ሥጋ ማጣት ይሻላል። እውነቱን ለመናገር በእኛ ቤቶች ሥጋው ድሮም ክርክር ነው፤ በስመ አብ ተብሎ በቢላዋ ያልታረደ አይቀመስም የሚሉ እናቶች ስላሉ፣ ስንቱ ልጅ ያደነውን ለችግረኞች የሚያከፋፍሉ ማኅበራት ይሰጣል።

ደም ማንበብ ይለመዳል። ፈካ ያለ ሮዝ፣ ደቃቅ አረፋ ያለበት ሳንባ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ፣ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ጉበት። ደማቅ ሆኖ በብዛት ጀምሮ መቶ ሜትር ላይ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ ሥጋ ብቻ ነው። ፀጉሩም ይናገራል፦ ነጭ ከሆነ ከሆድ በታች ነው፣ ሻካራና ጫፉ የጠቆረ ከሆነ ከላይ። በመኸር የሜፕል ቅጠል ላይ ያለ ቀይ ነጠብጣብ ስንቱን አዳኝ አሳስቷል! ለዚህ መላ አላቸው፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በትንሽ ጠርሙስ ይይዛሉ፤ ደም ላይ ሲረጩት አረፋ ይደፍቃል፣ የቅጠል ቀለም ላይ ዝም ይላል። ደም የሚፈለገው መሬት ላይ ብቻ አይደለም፤ አጋዘኑ በጎኑ እያሻሸ ስላለፈ በጉልበት ቁመት ያለ ሣርና ግንድ ላይ ይገኛል።

ከሁሉም በላይ ባለውሾችን የሚያናድዳቸው ሰው ማብዛት ነው። አዳኙ ዱካው ሲጠፋበት ስድስት ጓደኛ ጠርቶ ጫካውን እንደ ሰልፍ ያስፈትሻል፤ ሁሉም ደሙን ረግጠው በጫማቸው በየአቅጣጫው ያዛምቱታል። ከዚያ ነው የውሻው ባለቤት የሚጠራው። ውሻው የሚከተለው ደሙን ብቻ አይደለም። በአጋዘን ሰኮና መካከል ያለው እጢ የሚተወውን፣ የዚያን አንድ አጋዘን ሽታ፣ ከሌሎቹ ለይቶ ይሄድበታል፤ ስለዚህ ደም በሌለበት፣ ካደረም በኋላ መከተል ይችላል። ያን ሽታ የሚያበላሸው ከሌሊቱ ይልቅ የሰው እግር ነው። ይህን ሥራ በኒውዮርክ ያስፋፉት ጆን ጃንኒ የተባሉ ሰው ናቸው፤ ጀርመኖች ያዳቀሉትን አጭር እግር ፀጉራም ዳክስሁንድ ይዘው ጀመሩ፤ የዛሬዎቹ ባለውሾች ብዙዎቹ የእሳቸውን መጽሐፍ አንብበው ያደጉ ናቸው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ዛሬ ውሻው በገመድ እስከተያዘ ድረስ ይፈቀዳል።

ስለ ስለቱ ዓይነትም አንድ ነገር ልጣል፤ ጠብ ያስነሣል። ምላጩ ሳይንቀሳቀስ የተተከለው ይሻላል ወይስ ሲመታ የሚከፈተው? ሽማግሌዎቹ በተተከለው ይምላሉ፤ አይሰበርም፣ አይከዳም ብለው። ኢንዲያን ሄድ የተያዘው መዝገብ ግን በተተከለው ከተመቱት ከመቶ 82 ገደማ፣ በሚከፈተው ከተመቱት ከመቶ 91 ገደማ እንደተገኙ ያሳያል። ሰፊ ቁስል ብዙ ደም ይጥላል፤ ብዙ ደም ቀላል ፍለጋ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ስትነግሯቸው አይሰሙም።

ከተማ ዳር ያለው አደን ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የቆሰለ አጋዘን ሁለት አጥር ዘልሎ የሰው ጓሮ ሊሞት ይችላል፤ ከልጆች መወዛወዣ አጠገብ። የባለቤቱን ፈቃድ ሳይዙ መግባት ወንጀል ነው፤ እምቢ ካለ የሚጠራው የዱር እንስሳት ፖሊስ ነው። አስተዋዩ አዳኝ ማማውን ሲሰቅል ጎረቤቶቹን በአደን ወቅቱ ዋዜማ በትሕትና ያነጋግራል፤ በሌሊት ባትሪ ይዞ፣ እጁ ደም ነክቶ፣ በር ሲያንኳኳ የመጀመሪያ ትውውቃቸው እንዳይሆን።

ውሻ የተጠራበት ሁሉ እንዳይመስላችሁ አጋዘን የሚገኝበት። የተካኑትም ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ ውሻው ስላቃተው ሳይሆን አጋዘኑ በሕይወት ስላለ ነው። ኪሎ ሜትር ተኩል ተከትለው፣ አንድም የተኛበት ቦታ ካላገኙ፣ ደሙም ከቆመ፣ የውሻው ባለቤት ገመዱን ይሰበስባል። አዳኙ ይለምናል፣ ገንዘብ ይጨምራል። አይሰሙትም። አንዳንዱ አዳኝ በዚያ ዓመት የቀረውን ፈቃዱን አጣጥፎ ያስቀምጣል፤ ደም ያፈሰስኩት የእኔ ነው ብሎ። በክፍያ የሚያሳድኑ ብዙ እርሻዎች ይህን ደንብ አድርገውታል፤ አቁስለህ ካጣኸውም ትከፍላለህ። ሌላው ደግሞ በማግስቱ ማማው ላይ ነው።

የባለውሻውን ስልክ ቁጥር አሁኑኑ፣ ወቅቱ ሳይከፈት ያዙ። በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ወንዶቹ አጋዘኖች ሴት ፍለጋ ሲያብዱ፣ ስልኩ ሌሊቱን ሁሉ ይጮኻል፤ ቀድሞ የማያውቃችሁ ሰው ደግሞ ወረፋ ነው የሚሰጣችሁ።